ለመውረድ የሚወጡ ሰዎች

ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቡራዩ ቤቴ የመጡ ዕለት፣ እንደ ወጉ ቆመው ነበር የተናገሩት። እሺታ ሳይሰሙ አይቀመጡም። እኔም ለማስቀመጥ አልቸኮልኩም። ሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን ቃል አይሰጥባትም፤ የምቀጥራቸውን ቀን አስቀድሜ ወስኛለሁ።

ንግግሩን የያዙት ከሱሉልታ የመጡ፣ ሰው ሁሉ ኦቦ የሚላቸው አዛውንት ናቸው። የልጁን ዘር ቆጠሩ፤ ጨዋነቱን አወሱ።

"ሥራውስ?" አልኩ።

ኦቦ ጎናቸው ያሉትን አዩ። "ብስክሌት ያስነዳል። ፈረንጆችን፣ ተራራ ላይ።"

"መንገድ ጠፍቶ ነው?"

"መንገድማ ሞልቷል። እነሱ ጫካውን ነው የሚወዱት። ለጫጉላም ሙሽሮቹን አገራቸው ጋብዘዋቸዋል፤ እዚያ ተራራ ለተራራ ሊነዱ ነው።"

ይህን ከልጄ ሰምቼ ነበር። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ያወቅኩት ራሴ አንብቤ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ስለ አውሮፓ ተራሮች አነበብኩ። አልፕስ ላይ ሰው ብስክሌቱን ይዞ በገመድ በሚጎተት ወንበር ይወጣል፣ በጫካው ቁልቁል ይወርዳል፣ ደግሞ ለመውጣት ይሰለፋል። ለመውረድ ብሎ መውጣት! እኛ ከጫካ እንጨት ተሸክመን ስንወርድ ድህነት ነው፤ እነሱ ባዶ ጀርባቸውን ሲወርዱ መዝናኛ ነው። መንገዱ እንደ ክፋቱ ቀለም ተሰጥቶታል፤ ከሁሉ የከፋውን፣ ጥቁሩን፣ የመረጠ ከፍሎ ይሰበራል። ሥሩና ድንጋዩ ሆን ተብሎ የተተወ ነው ይላሉ። የእኛም ሰፈር መንገድ እንዲያው ነው፤ ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን የነገረን የለም።

"ኦቦ፣ ልጄ ብስክሌት አታውቅም። ወስዶ ገደል ሊከታት ነው?"

"እኛ እያለን? እናስተምራታለን እንጂ!" አሉ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው።

ቀጠሮውን ልናገር ስል ልጄ ሳትጠራ ከጓዳ ብቅ አለች። ሽማግሌ ፊት!

"አባዬ፣ እነዳለሁ። ከገፈርሳ በላይ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። እሱንም ያወቅኩት እዚያ ነው።"

"ቅዳሜ ሥራ አይደለሽም እንዴ? ያ ሁሉ ሱሪሽ ላይ የማየው ጭቃስ? ከታክሲ ስወርድ ነው አላልሽኝም?"

"አንተም አመንከኝ።"

እንዴት አላምን? ቡራዩ ውስጥ በክረምት የሚጠረጠረው ሱሪው ንጹሕ የሆነ ሰው ነው።

ባለቤቴ ከኋላዋ ሆና፣ "አጣቢዋ እኔ ነኝ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከታክሲ ላይ አይረግፍም" አለች። እሷም ታውቅ ነበር ማለት ነው።

"ጌታዬ፣" አሉ ኦቦ፣ "ጉልበቴ አልቻለም። ወይ ይስጡን፣ ወይ ያሰናብቱን።"

ውሸት ነውር መሆኑን ለልጄ እዚያው ነገርኳት። እንግዳ አለ ተብሎ ምክር አይቀርም። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ የፈራሁት ብስክሌቱን አልነበረም። ልጄ ወደማታውቀው ቁልቁለት ሰው ተከትላ እንዳትሄድ ነበር።

"ስትወርዱ ማን ይቀድማል?" አልኳት።

ቀና አለች። "እኔ ነኛ። እሱ ደርሶብኝም አያውቅ።"

የወሰንኩትን ቀጠሮ ተውኩት።

"ተቀመጡ" አልኳቸው።

መጀመሪያ የተቀመጡት ኦቦ ናቸው።