ውሻዋ ተመልሳለች

እናቴ ልቧን ከታከመች ሁለት ሳምንቷ ነበር። ባሕር ማዶ፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ባለው አፓርታማዬ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች፤ የከሰዓት ፀሐይ በመጋረጃው ገብታ እግሯ ላይ ታርፋለች። ደሴ የነበረችው ታናሽ እህቷ፣ እኔንም ያሳደገችኝ አክስቴ፣ ከሞተች ወር ሊሞላት ነው። እናቴ አታውቅም። ወንድሜ በስልክ «ዶክተሩ ደህና ናት እስኪል መርዶ የሚባል ነገር የለም፤ አፍሽን ያዢ» አለኝ። ያዝኩ። ማልቀስ ሲያምረኝ ዳውንታውን የምሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዬን ቆልፌ አለቅሳለሁ። «እስቲ እህቴ ጋ ደውይልኝ» ስትለኝ ደግሞ «ኔትወርክ የለም» እላለሁ። አቤት ውሸት! ምላሴ ለመደው።

የዚያን ቀን ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ፣ ሰው ከመሄዱ በፊት ወደ ሕዋ ስለተላኩ እንስሳት ያሳያል።

«ምን ይላል? ንገሪኝ እንጂ!» አለች እናቴ።

«ጦጣ ልከዋል፣ አይጥ ልከዋል፤ ይቺን ውሻ ደግሞ ከጎዳና አንስተው ነው።»

«ባለቤት የላትም?»

«የላትም።»

«ምስኪን። ለዚያ ነዋ የመረጧት።»

በጥቁርና ነጩ ምስል ውሻዋ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ታስራ፣ ጆሮዋን አቁማ ታየናለች። ለአፍታ ሶፋው ከወለሉ የተነሳ መሰለኝ፤ እናቴ፣ ብርድ ልብሷ፣ የመድኃኒቷ ብልቃጥ፣ እኔም ቀስ ብለን ተንሳፈፍን። ከታች የጥድ ዛፎቹ፣ ከእነሱም ሥር ፓርክ ያደረግኳት መኪናዬ እያነሱ ሄዱ። እዚያ ላይ ስልክ የለም፤ የሚደበቅ ነገር የለም። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

የፊልሙ ተራኪ፣ ከውሻዋ ጉዞ በፊት ካዘጋጇት ሐኪሞች አንዱ ወደ ራሱ ቤት ወስዶ ከልጆቹ ጋር እንዳጫወታት ተናገረ። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። መመለሻ እንዳልተሠራላትም ተናገረ። ይህን ዘለልኩት።

«ተመለሰች?» አለች እናቴ።

«አዎ፣ ተመልሳለች፤ በፓራሹት አወረዷት፣ ምንም አልሆነችም፣ ደህና ናት።»

ወዲያው ስክሪኑ ላይ የውሻዋ ሐውልት መጣ፤ ሥሩ አበባ ተቀምጧል። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። አበባውን ግን አየችው።

ብርድ ልብሷን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ስትዋሺ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ትቸኩያለሽ። ኔትወርክ የለም ስትዪኝም እንደዚሁ ነው።»

ሪሞቱን አንስቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

«እህቴ መቼ ነው የሞተችው?»

«ወር ሊሞላት ነው» አልኩ፣ ሳልቸኩል።

«ኢንና ሊላሂ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ወረደ። ልቧን ፈርቼ እጄን ደረቷ ላይ አደረግኩ። እሷ ግን እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አንቺስ? ወር ሙሉ ብቻሽን ነው ያለቀስሽው?»

ያኔ ጮኼ አለቀስኩ።