የሚስ ዴሊያ ቀሚስና የእኔ ትከሻ

ባለፈው ሐሙስ ኮቴን ልወስድ ኪልበርን ሰፈር ካለ አንድ ላውንደሪ ገብቼ፣ ሰውዬው ከጀርባ የጠረጴዛ ልብስ ሲተኩስ የአሚዶና የጋለ ካውያ ሽታ ቢመታኝ ጊዜ፣ ምን ልወስድ እንደመጣሁ ጠፋብኝ። ሰውዬው ሁለቴ ጠየቀኝ መሰለኝ፤ እኔ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ዊልስደን ሰፈር፣ ከቤታችን በላይ ባለው ፎቅ፣ የውሃ መርጫ ይዤ ሚስ ዴሊያ ሳሎን ውስጥ ቆሜአለሁ፤ ከፊቴም ስፋቱ ከአንሶላ የሚበልጥ ነጭ ቀሚስ ተዘርግቷል።

ሚስ ዴሊያ የፓናማ ሰው ነበሩ፤ መጋረጃ እየሰፉ ነው የሚተዳደሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ነርሷንም፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤቷንም፣ ብቻ በአካባቢው ያሉትን አምስት የአገራቸውን ልጆች ከሰፈሩ ዳር ካለ አንድ አዳራሽ ሰብስበው የአገራቸውን ጭፈራ ያስጨፍራሉ። ፖዬራ የሚሉት ያ ሰፊ ቀሚስ በአሚዶ ካልደረቀና እጥፋቱ አንድ በአንድ በካውያ ካልተያዘ አይለበስም፤ ፀጉር ላይ የሚሰካው የነጭ ዶቃ አበባም በቀጭን ሽቦ የተሠራ ስለሆነ በተራመዱ ቁጥር ይርገበገባል። የእኔ ሥራ ዶቃውን ሽቦ ላይ መሰካት ነበር። እማዬም የምታውቀው ይህንኑ ብቻ ነው፤ «ልጄ ስፌት እየተማረችልኝ ነው» ብላ ለቸርች ሰዎች በኩራት ስትናገር ሰምቻታለሁ።

እማዬ ካምደን ሰፈር ቢሮ ታጸዳ ነበር። ጌታን ካገኘች ወዲህ ዘፈንና ጭፈራ ቤታችን ዝር ብሎ አያውቅም። ሽብሸባ ይፈቀዳል፣ እስክስታ ክልክል ነው፤ ድንበሩ እንግዲህ ትከሻ ላይ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ እሷ ሥራ ስትሄድልኝ የአጎቴን የሰርግ ቪዲዮ ድምፁን አጥፍቼ እከፍትና፣ መስተዋት ፊት ቆሜ ያንን ድንበር ስንቴ እንደጣስኩት እግዜር ይወቀው።

ታዲያ አንድ ሰመር፣ ለዓመቱ ዝግጅት ሁለት ወር ሲቀር፣ ነርሷ እግሯ ተሰበረና ሰው ጎደለ። ሚስ ዴሊያ ከራስ እስከ እግሬ አዩኝና ቁመቴን በመስፊያ ሜትራቸው ለክተው «ትበቂያለሽ» አሉኝ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ጭፈራው እንዲህ ነው፦ ከበሮ ይመታል፣ አንዷ ዜማ ታወጣለች፣ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ፣ ተጫዋቿ ደግሞ ቀሚሷን በሁለት እጇ ዘርግታ ቀጥ ብላ በትንንሽ እርምጃ ትንሸራተታለች። ትከሻ አይነቃነቅም። የእኔ ግን ከበሮ ሲሰማ እኔን አይጠይቀኝም፤ ይነሣል። ሚስ ዴሊያ ሁለት የታጠፈ መጋረጃ ትከሻዬ ላይ ጭነው ሳሎኑን ከዳር እዳር ያመላልሱኝ ጀመር፤ መጋረጃው ሲወድቅ እንደገና ከበሩ ነው የምነሣው። አንድ ቀን አልቅሼ ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «አገር ቤት አንድ ሰው ቢሳሳት የሚያርመው ሺህ ሰው አለ፤ እዚህ ግን ስድስት ነን» አሉኝ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እማዬ ያወቀች ዕለት ያ ሳሎን ተዘጋብኝ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ትምህርት ቤት ጓደኛ የለኝ፣ ሰፈር የለኝ፣ ከዚያ በቀር ደስ የሚለኝ ቦታ አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ ደረጃ ላይ የእግሯን ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀሚሱን ጥዬ ዶቃዬን አነሣለሁ።

የዝግጅቱ ዕለት ቀሚሴን ዘርግቼ ስወጣ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እማዬ! ለካ ሚስ ዴሊያ የምታውቅ መስሏቸው ደረጃ ላይ ጋብዘዋት ኖሯል፤ እሷም ስፌቴን ልታይ ሺፍቷን ቼንጅ አድርጋ መምጣቷ ነው። ክው አልኩ። በዚያው ቅጽበት ከበሮው ተመታ፣ ትከሻዬም ተነሣ፤ አንዴም አይደል፣ ሁለቴም አይደል፤ ራሴ ላይ ያለው ዶቃ ሁሉ ተንጫጫ። የፓናማ ሰዎች የልጅ ጨዋታ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ፤ ሚስ ዴሊያ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የአዳራሹ ጓዳ ገብቼ ዶቃውን እየነቀልኩ ሳለቅስ እማዬ መጣች።

«ስፌት ነበር ያልሽኝ።»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ስለ ውሸትሽ ቤት እንነጋገራለን።» ከፀጉሬ ላይ አንድ ሽቦ ቀስ ብላ አላቀቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ግራሽ ይቀድማል።»

ትከሻዬን ማለቷ እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም። ወደ ቤት ስንሄድ ነው፣ ልጅ ሆና ሦስት ዓመት የቀበሌ ኪነት ውስጥ ፊት መስመር ላይ ትጨፍር እንደነበር የነገረችኝ። የተዘጋ የሥጋ ቤት ደጃፍ ስንደርስ የቸርች ሰው እንዳያያት ግራ ቀኟን ቃኘች፣ ቦርሳዋን አስያዘችኝ፣ ከዚያ ኮቷ እስከ አንገቷ እንደተቆለፈ፣ ያለ ከበሮ፣ «እንዲህ ነው» ብላ ትከሻዋን ለቀቀችው። ወይ ጉድ! ያቺ ጉልበቴን ወገቤን የምትል ሴትዮ! ከዚያ ቦርሳዋን ተቀብላኝ መንገዷን ቀጠለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሂጂ» አለችኝ፣ «ግን አታነቃንቂ ካሉሽ አታነቃንቂ። የሰው አገር ጭፈራ አደራ ነው።» የሁለት ወር ጭንቀት በአንድ ትንፋሽ ወጣልኝ፤ ቤት እስክንደርስ እየሳቅሁ አለቀስኩ። የውሸቱ ቅጣት አልቀረልኝም፤ አንድ ወር ሙሉ ቲቪ የሚባል አላየሁም፤ እሱንም በደስታ ነው የተቀበልኩት።

ሚስ ዴሊያ አርጅተው አገራቸው እህታቸው ዘንድ ገቡ። ጭፈራውን አሁን የነርሷ ልጅ ናት የምትመራው፤ ሰው ሲጎድልባት ትደውልልኛለች፣ እኔም ትከሻዬን ገዝቼ እሄዳለሁ። እማዬ ካረፈች ግን ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሃያ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር አንድም ቀን «እስቲ ድገሚው» አላልኳትም፤ የማሳፍራት እየመሰለኝ። ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ለቅሶዋ ላይ አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት አጠገቤ ተቀመጡ፤ ኪነት አብረው ነበሩ። ስለ ትከሻዋ ሲያወሩልኝ ቆዩና እጄን ይዘው «ምን ያደርጋል፣ አንቺ ልጄ አላየሻት» አሉኝ።

«አይቻታለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው። «አንድ ጊዜ አይቻታለሁ።»