ዘጋሁት ያልኩት በር

አምቦ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰብ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። የምንሰበሰበው አንድ ነጋዴ በነፃ በሚፈቅድልን የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ክፍል ውስጥ ነው። ድረ ገጽና ዋይፋይ እንዴት እንደሚሰበርና እንዴት እንደሚጠበቅ እርስ በርስ እንማማር ነበር። "እዚህ ከተማ ምን የሚሰረቅ ነገር አለና ነው?" እያሉ የሚስቁብን ብዙ ነበሩ። ሆቴሎቹ ዋይፋይ ማስገባት የጀመሩት በዚያ ሰሞን ነው። የብዙዎቹ የይለፍ ቃል ደግሞ ታፔላቸው ላይ የተጻፈው ስልክ ቁጥር ነበር። እኛም በተራችን በእነሱ እንስቅ ነበር።

አንድ ወግ ነበረን። አንዱ የሠራውን ያመጣል፤ ሌላው ቀዳዳውን ፈልጎ በሁላችን ፊት ይሰብረዋል፤ ከዚያ እንዴት እንደሚዘጋ ያሳያል። ቀዳዳውን ለባለቤቱ አስቀድሞ መንገር ክልክል ነው። ቂም እንዳይኖር ሰባሪው ለተሰበረበት ሰው ለስላሳ ይገዛል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ሲደነግጥ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ከመካከላችን አንዷ በአንድ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል በኮንትራት የምትሠራ ጸሐፊ ነበረች። ኮምፒውተር ኮሌጅ ገብታ አልተማረችም፤ ፎቶ ኮፒ ከተደረጉ ጥራዞች ራሷን በራሷ ያስተማረች ናት። የተማሪዎች ውጤት የሚታይበትን ድረ ገጽ ብቻዋን ሠራች። ልጆቻቸውን ከሸነንና ከጌዶ አምቦ ልከው የሚያስተምሩ ወላጆች ውጤት ለማየት ብቻ አውቶቡስ ይሳፈሩ ነበር፤ ያንን ድካም ያስቀረችላቸው እሷ ናት። ዳይሬክተሩ ቋሚ ላደርግሽ አስባለሁ ብሏት ነበር። ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው።

እኔም ደግ ልሥራላት ብዬ ድረ ገጿን በምታቀርብበት ቅዳሜ ዳይሬክተሩን የክብር እንግዳ አድርጌ ጠራሁት። እኛ ዘንድ ያለ ክብር እንግዳ ስብሰባ ስብሰባ አይመስልም። ችሎታዋን በዓይኑ እንዲያይላት ነበር ምኞቴ፤ ይህን ስል እውነቴን ነው። ቀዳዳውን ግን ከሦስት ቀን በፊት አግኝቼው ነበር። ደንብ ደንብ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ዳይሬክተሩ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ እያደረገች አስረዳች፤ ተጨበጨበላት። ከዚያ እኔ ተነሣሁ። የይለፍ ቃል በሚጻፍበት ቦታ ላይ ሲስተሙን የሚያታልል አንድ አጭር ነገር ጻፍኩ፤ ከፍቶ አስገባኝ። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ውጤት በሙሉ በፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ወጣ። የአንዱን ልጅ ሒሳብ ከአርባ ሁለት ወደ ዘጠና ከፍ አደረግኩለት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሷም አብራን ሳቀች፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለቻ። ቀዳዳውን ለመዝጋት ሁለት መስመር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። "አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚዘጋ ላሳያችሁ" ስል መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋቱ ለእኛ ብርቅ አልነበረም፤ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ዳይሬክተሩ ግን አልጠበቀም። ከወንበሩ ተነሥቶ "ሠራሁ ያልሽው ይሄንን ነው?" አላትና ወጣ።

"ሰኞ ሄደህ ንገርልኝ" አለችኝ። "ቀላል ነገር መሆኑን ከአንተ አፍ ቢሰማ ያምናል።"

"እሄዳለሁ" አልኳት። በወጋችን መሠረት ለስላሳ ገዛሁላት። ከፍታ አንዴም ሳትጎነጭ ትታው ሄደች።

ሰኞ አልሄድኩም። ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ራሱ ደወለልኝ። ቢሮው ስገባ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። የክፍሉን ቁልፍም የይለፍ ቃሉንም ሰኞ ከእሷ ተረክቧል። "በል እንግዲህ አንተ አድነን" አለኝ።

ሪከርድ ክፍል ገብቼ በእሷ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሹራቧ አሁንም ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ቅዳሜ የጻፍኩትን ያንኑ ነገር ጻፍኩ፤ አላስገባኝም። ደገምኩት፤ እምቢ አለ። ፋይሉን ከፍቼ ሳየው ሁለቱ መስመሮች በቦታቸው ገብተዋል፤ እኔ ከምጽፈው በተሻለ ተጽፈዋል። ፋይሉ የተቀየረው እሁድ ረፋድ ላይ ነው። እሁድ ረፋድ እሷ ቸርች ሆና ከኳየሩ ጋር የምትዘምርበት ሰዓት ነበር። አንድም እሁድ ቀርታ አታውቅም።

ዳይሬክተሩ ሁለት መምህራን አስከትሎ ገባ። "እህስ፣ ዘጋኸው?" አለኝ።

"አዎ፣ ዘጋሁት" አልኩት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል። በሁለት እጅ መጨበጡ ጥሞኝ ነው። ነገ ቀስ ብዬ አስረዳዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ነገውም አለፈ። በሳምንቱ ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠኝ። በዚያው ወር የእሷ ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜም መምጣቷን ተወች። ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ደጋግሜ ደወልኩ ብል ባማረብኝ ነበር፤ የደወልኩት ግን አንዴ ብቻ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነቀምት ውስጥ ክፍት ቦታ ወጥቶ ለማመልከት ስሄድ አውቶቡሱ ለምሳ ጌዶ ቆመ። ማስረጃዎቼን ኮፒ ላስደርግ ገበያው ዳር ወዳለች አንዲት ጠባብ ቤት ገባሁ። ወረቀቶቹን በባንኮኒው ላይ ካቀበልኩ በኋላ ነው ቀና ብዬ ያየኋት። ከስታለች።

"አካም ጂርታ?" አለችኝ፤ ደህና ነህ ወይ ማለቷ ነው። ፈገግ አለች። ደስ ያላትም መሰለኝ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያየች ስትደረድር የምስጋና ደብዳቤው ላይ ደረሰች። ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ ማንበብ ጀምራለች።

"እኔ እኮ እሁድ ዕለት የዘጋሁት መስሎኝ ነበር" አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል። "ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። አንተ ማክሰኞ መጥተህ ዘጋኸው ሲሉኝ፣ ለካ እስከ ዛሬ ሳይገባኝ ነው የምደክመው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ኮድ የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም። ይህችን ማሽን ብቻ ነው።"

"ዘግተሽው ነበር" አልኳት። "ስደርስ ተዘግቶ ነው ያገኘሁት። በደንብ ዘግተሽው ነበር። እኔ ምንም አልነካሁም።"

ደብዳቤውን እንደያዘች ቆመች። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ገበሬዎች ያዩናል። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ አልወጣም። እሷ ግን ደብዳቤውን በማሽኑ መስታወት ላይ በጥንቃቄ አስተካክላ አስተኛችው፣ ክዳኑንም መለሰችው።

"ስንት ኮፒ ላድርግልዎት?" አለችኝ።