የኔታ ያልተጠየቁት ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለጡረታ ጉዳይ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከአጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይስቁ ነበር። አንዲት አጭር ቪዲዮ ደጋግመው ይከፍታሉ። መጀመሪያ የሴት ድምፅ፣ «የኔታ፣ ይህ ይገባዎታል?» ይላል። ቀጥሎ የሽማግሌ ድምፅ፣ «አይገባኝም ልጄ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ የብዙ ሰው ሳቅ ይከተላል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ ከድሮ ቴሌቪዥን የተገኘ ነው፣ ሰው ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው ለጓደኛው የሚልከው ነው አሉኝ። አንደኛዋ የሂሳብ ፈተና የወደቀች ቀን ለእኅቷ የላከችው እሱን ነው።

የሴትዮዋ ድምፅ የእኔ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ የወጣ፣ ቀጭን፣ በራሱ የተማመነ ድምፅ። ልጆቹ እንዴት ብለው ይወቁት፤ ዛሬ እኔም ሳልጠነቀቅ ብሰማው አላውቀውም ነበር። ወረፋዬን ትቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ይህን ታሪክ ለማንም አልነገርሁም። ሰው ስለ ሕይወቴ ሲጠይቀኝ ሥራዬን ነው የምቆጥርለት፤ ሥራ ብዙ ስለሆነ ጠያቂው ይሰለቻል። ሂሳብ አስተምሬአለሁ። በጋዜጣ ስለ ኮምፒውተር የምጽፍበት አንድ ገጽ ነበረኝ፤ ዋና አዘጋጁ ማስታወቂያ በመጣለት ቁጥር የሚያነሣው የእኔን ገጽ ነበር። ለአስመጪዎች የማሽን መመሪያ ተርጉሜአለሁ። በሬዲዮ ስለ ሞባይል ስልክ ለገበሬ አስረድቻለሁ። በቴሌቪዥን የቴክኖሎጂ ፕሮግራም ያቀረብሁት ከማስተማሩ በቀር ከእነዚህ ሁሉ በፊት ነው፤ ያገኘሁትም ችሎታዬ ታይቶ አይደለም። ከጣቢያው ወንዶች አንድም የሚፈልገው ስለጠፋ፣ አለቃችን ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ሂሳብ አስተምረሽ የለ? ያዢው» ብሎኝ ነው። ሌሎቹ ሳቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሮግራሙ ሲወደድ ግን ሁሉም ሐሳቡን ያመነጩት እነሱ ሆነው ተገኙ።

የፕሮግራሙ አዘጋጅ ፀዳለ ነበረች። ደብረ ማርቆስ አንድ ክፍል ተምረናል፤ አዲስ አበባ ደግሞ አንድ ቤት ተከራይተን በአንድ አልጋ እንተኛ ነበር። አባቷ መሪጌታ ነበሩ። እቤታቸው አንድ ቃል ለሁለት ለሦስት እየተከፈለ ሲበላ ነው ያደገችው። ይህን የምጠቅሰው በምክንያት ነው።

በጥቅምት ወር ስለ ኮምፒውተርና ስለ ግእዝ ፊደል ፕሮግራም ለመሥራት ወደ ዲማ አካባቢ ወረድን። ዓባይን ተሻግረን ደጀን ላይ መኪናው ስለጋለ አሳረፍነው። ፀዳለ ከመንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች ገዛች፤ ጣቶቿ እየተቃጠሉ ልጣጩን ልጣ፣ ሚጥሚጣ ነስንሳ ታጎርሰኝ ነበር። ይህን ሳልጽፍ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እውነት ነው፤ እንዲያ ነበርን። ወደ ቢቸና ስንታጠፍ ማሳው ሁሉ በኑግ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ካሜራማኑ በየመቶ ሜትሩ ቁሙልኝ እያለ መንገዱን አንድ ሙሉ ቀን አደረገው። የመጨረሻውን በእግራችን ሄድን።

የምንፈልጋቸው የኔታ ላቀው የሚባሉ የቅኔ መምህር ነበሩ። አባቴ ታሞ ትምህርቱን ትቶ አምበር አጠገብ ማረስ ከመጀመሩ በፊት ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጦ ቅኔ ተምሯል። ስማቸውን ሲጠራ ከተቀመጠበት ብድግ ይል ነበር። የኔታ ቅኔያቸውን በወረቀት አያሰፍሩም። ዛሬ የተቀኙትን ነገ አይደግሙትም፤ ተማሪ የያዘው ይያዛል፣ ያልያዘው ይፈሳል። መቅረጫ ይዘው ከየቦታው የመጡትን ሁሉ መልሰዋል። እኔን የተቀበሉኝ በአባቴ ነው።

ስምምነታችን እንዲህ ነበር። ያን ቀን ለቴሌቪዥን ጥቂት እናነሣለን። እሳቸው በሥራው ካልተከፉ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ እኔ ብቻዬን ቴፕ ይዤ እመለሳለሁ፤ አንድ ወር ተቀምጬ ቅኔያቸውን እስከነ አገባቡ እቀርጻለሁ። ለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ቃሌን ስትወስጂ ሙሉውን ውሰጂ» አሉኝ። «ግማሹን የወሰደ ሌባ ነው።»

«አባቴ ይሙት፣ ሙሉውን ነው የኔታ» አልሁ።

ከጎጇቸው ፊት ለፊት ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነን የሚታጠፈውን ኮምፒውተር በባትሪ ከፈትሁላቸው። በዚያ ዘመን በአማርኛ የሚጽፍ መሣሪያ ማየት ለእኛም ብርቅ ነበር። ስማቸውን ጻፍሁ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ድረስ ቀርበው አዩት። ተማሪዎቻቸው በዙሪያችን ቆመዋል። ብዙ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ፊደሉን ያውቀዋል ወይስ ይስለዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

ስለዚህ ማሽን ስንት ምሁር ነኝ ባይ አነጋግሬአለሁ፤ የዚያን ያህል ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አላጋጠመኝም። አሰብሁና፣ «ይስለዋል እንጂ አያውቀውም» አልሁ። «እንግዲያ ከእኛ ጀማሪዎች ጋር እኩል ነው» አሉ። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ያ ሳቅ የዚያ ነው።

ኋላ ላይ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ እኔ በወጣት አፌ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ፕሮግራሙን የዘመኑ የቅኔ አባት ብለን በስምዎ ብንሰይመው ምን ይላሉ ብዬ ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅኋቸው። አንገታቸውን ደፉ። «አይገባኝም ልጄ» አሉ። «መምህሮቼ ስማቸው ሳይነሣ አልፈው፣ ለእኔ አይገባም።» ከዚያ የባቄላ እሸት ቀርቦልን እየፈለፈልን በላን፤ ፀዳለም ጉልበታቸውን ስማ ተመረቀች።

አዲስ አበባ ስንመለስ ፀዳለ ወደ ስቱዲዮ ጠራችኝ። በዚያን ጊዜ ለቀረጻ የምንወጣው በአንድ ካሜራ ነው። ካሜራው ተጠያቂውን ሲያይ የጠያቂው ድምፅ እየራቀ ስለሚበላሽ፣ ጥያቄዎቻችንን ኋላ እንደገና አጥርተን መቅረጽ የተለመደ ነበር። ነውር የለበትም፤ ሁሉም ያደርገዋል። ወረቀት ሰጠችኝ።

«ስለ ስያሜው የጠየቅሻቸው እንደ ቅዳሴ ረዝማብኛለች» አለችኝ። «በአጭሩ 'የኔታ፣ ይህ ይገባዎታል?' በይልኝ።»

አልሁ። ድገሚው አለች፤ ደገምሁት። ሦስተኛውን ትንሽ ፈገግ ብለሽ አለችኝ። ፈገግ ብዬ አልሁ። ሰው ይህን ሲሰማ እንዴት አልነቃሽም ይለኝ ይሆናል። ቃሉ ሁለት ፊት እንዳለው ጠፍቶኝ አይደለም። ከጓደኛዬ እጅ የተቀበልሁት ወረቀት ሁለት ፊት ይኖረዋል ብዬ ስላላሰብሁ ነው።

ፕሮግራሙ የተላለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከአከራያችን ሳሎን ሆነን አየነው። የኔታ በኮምፒውተሩ ላይ ተደፍተው፣ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ሲል ይታያሉ። «የኔታ፣ ይህ ይገባዎታል?» ይላል የእኔ ድምፅ፣ ፈገግ ብሎ። «አይገባኝም ልጄ» ይላሉ እሳቸው። ተማሪዎቹ በሳቅ ይፈነዳሉ። ከዚያ ሙዚቃ። ስለ ፊደሉ የጠየቁት የለም። ስለ መምህሮቻቸው የተናገሩት የለም። አከራያችን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ፀዳለ ቴሌቪዥኑን አልነበረም የምታየው፤ እኔን ነበር።

ክፍላችን ስንገባ ያልኋትን ሁሉ አላስታውስም። የመለሰችልኝን ግን አልረሳሁም።

«የትኛውን ቃል ጨመርሁ? ጥያቄው ያንቺ፣ መልሱ የእሳቸው።»

«ሳቁስ?»

«ሳቁም የገዛ ተማሪዎቻቸው ነው። ስሚ፣ እሳቸው ጋ መብራት እንኳ የለም። ማን ይነግራቸዋል ብለሽ ነው?»

«አባቴን ገድዬ ነው የማልሁላቸው፣ ፀዳለ።»

«አባትሽ ደኅና ናቸው» አለችና ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

የሚነግራቸው ሰው ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ተማሪያቸው ቢቸና ሻይ ቤት ገብቶ ፕሮግራሙ ሲደገም አየው፤ ሌላው ድምፁን በካሴት ቀድቶ ይዞላቸው ሄደ። ይህን የሰማሁት ከአባቴ ነው። አልተቆጣም፣ አልወቀሰኝም፤ ከእንግዲህ ወደ ዲማ የምሄድበት እግር የለኝም ብቻ አለኝ።

ፋሲካ አለፈ፤ ለመሄድ ወኔ አጣሁ። የሄድሁት በፍልሰታ ጾም ነው፣ ዝናቡ ሲወርድ። መኪና እስከሚገባበት ድረስ በጭነት መኪና ላይ ተጭኜ ሄድሁ፤ የቀረውን መንገድ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጭቃ ስንሸራተት ዋልሁ። ቦርሳዬ ውስጥ አዲስ ቴፕና አንድ ደርዘን ባዶ ካሴት ነበር። ከጎጆዎቹ አጠገብ ስደርስ ተማሪዎቹ በሶ ይበጠብጣሉ። አንዱ ትልቅ ተማሪ ሳያየኝ እንደሚያንጎራጉር ሰው፣ «ይገባዎታል?» አለ። ማንም አልሳቀም።

የኔታ በደጃፋቸው ደበሎ ለብሰው ተቀምጠዋል። እንደምን ዋሉ ስል ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

«ድምፅሽን አወቅሁት» አሉ። «ካሴቱም ላይ አውቄዋለሁ።»

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩት፤ አልገፉኝም።

«ጥያቄው ያንቺ ነው፤ መልሱም የእኔ ነው» አሉ። «መካከሉ የማን ነው?»

«የጓደኛዬ ነው የኔታ።»

ደበሎአቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«የማልሽልኝ ግን አንቺ ነሽ» አሉ።

ከዚያ መረቁኝ። እርጥብ ልብሴን አይተው እሳት አጠገብ እንድቀመጥ አደረጉ፤ ተማሪዎቹ በሶ ሰጡኝ። ቦርሳዬን ሳልከፍት ጠዋት ተመለስሁ። ከዚያ በኋላ የኔታ ማይክ የያዘ ሰው ከደጃቸው አላስደረሱም፤ የሌላ መንደር ሰው ሲመጣ እንኳ አስቀድመው ቦርሳውን ያስፈትሹ ነበር ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐረፉ። በየቦታው የተበተኑ ተማሪዎቻቸውን ፈልጌ አነጋግሬአለሁ። አንዱ ከቅኔያቸው ሁለት ቤት ያስታውሳል፣ ሌላው ሦስት፤ አንዱ የያዘውን ሌላው አይደለም ይለዋል። ሙሉ የሆነ የለም።

ያ ፕሮግራም ለፀዳለ በጃት። የክፍል ኃላፊ ሆነች። ቀጥሎም ፕሮግራሙን የምታቀርበው ራሷ ሆነች፤ እኔ ወደ ሬዲዮ ተዛወርሁ። በኋላ ዘመን በየስብሰባው ስለ ቴክኖሎጂ ጋዜጠኝነት ስትናገር እኔን «የመጀመሪያ ባልደረባዬ» እያለች ትጠራኛለች፤ ስሜን ግን አትጠቅስም። ባለፈው ዓመት አርጅተናል፣ እንታረቅ ብላ ሽማግሌዎች ላከችብኝ። የንስሐ አባቴም አብረው መጡ። ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም አሉኝ፤ አውቃለሁ። እንዲነግሩልኝ የላክሁት መልስ አንድ ነው፦ በአደባባይ የተወሰደ በጓዳ አይመለስም። ከእኔ ጋር መታረቅ ቀላል ነው። የእሳቸውን ቃል በሕዝብ ፊት ቆርጣ ያሳቀችበትን በሕዝብ ፊት ትቀጥለው። ሽማግሌዎቹ ግትር ናት ብለው ሄዱ።

ከጡረታ ቢሮው የተመለስሁ ዕለት ያቺን ቪዲዮ በስልኬ ፈልጌ አገኘኋት። ከሥሯ በስሜ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ድምፁ የእኔ ነው። የኔታ የተጠየቁት ስለ ኮምፒውተሩ አልነበረም። አይገባኝም ያሉት ክብሩን ነው።» እስከ ማታ ድረስ የሳቅ ምልክት ብቻ ተደረደረበት። አንድ ልጅ፣ «እማማ፣ ቀልድ አይገባዎትም» ብሎ መለሰልኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ያስተማርሁት ማሽን እንደማይረሳ ነው። አልዋሸሁም፤ አይረሳም። ግን የሰጡትን ብቻ ነው የሚይዘው። የአርባ ዓመት መምህር፣ ከእሳቸው በኋላ የቀረው ድምፅ ሁለት ቃል ነው፤ እነሱም እሳቸው ባላሰቡት ትርጉም። ይህን ባሰብሁ ቁጥር በደሉ የድሮ አይመስለኝም። በየቀኑ፣ በየስልኩ ገና ይፈጸማል።

የጻፍሁትን ለፀዳለ ላክሁላት። ቆርጬ የቀጠልሁት እኔ ነኝ ብለሽ ከሥሩ አንድ መስመር ጻፊ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኋት። እንዳነበበችው ስልኬ ያሳየኛል። አምስት ቀን ጠበቅሁ፤ አልጻፈችም። ስለዚህ ይህን ሁሉ እኔ ጻፍሁት።