የኋላው ግራ ስፒከር

ያ ወር በጠቅላላ ያስከፈለኝ ይሄ ነው፦ በኪሳራ የሄደ አንድ ሆም ቲያትር፣ ሃያ ስድስት ቀን፣ እና የጎረቤቴ የጠዋት ቀልድ። ሆም ቲያትሩን ረስቼዋለሁ። ቀኖቹም ቢሆኑ በሌላ ነገር መባከናቸው አይቀርም ነበር። ያልወጣልኝ ሦስተኛው ነው።

ያደግኩት ወሎ ሰፈር ነው። ክፍል ውስጥ ከተቀመጥኩበት ሰዓት ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ የተቀመጥኩበት ይበልጣል። ኋላ ካሴት አከራየሁ። ካሴት ሲሞት ሲዲ ሸጥኩ፣ ሲዲ ሲሞት ፊልም በፍላሽ ጫንኩ፣ እሱም ሲሞት ቲቪና ስፒከር ወደ መሸጥ ገባሁ። ሱቄ ዛሬም እዚያው ወሎ ሰፈር ናት። ቤቴ ግን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ኤርፖርት የሚሠራ አንድ ደንበኛ አለኝ። መስከረም ላይ ቲቪ ሊገዛ መጥቶ ዋጋ ስንከራከር ከቦርሳው ሃርድ ዲስክ አወጣና፣ «ይሄን ጨምሬልህ ቀንስልኝ» አለኝ። ውስጡ የድሮዎቹ የገዳይ ፊልሞች ነበሩ፣ ከነተከታታያቸው፣ አንድም ክፍል ሳይጎድል። እነዚያ ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬ ቢላ ይዞ ወጣቶችን አንድ በአንድ የሚለቅምባቸው። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ትተርፋለች፣ እሱ ይሞታል። ክፍል ሁለት ላይ ይነሳል። ክፍል ስድስት ላይ ተቃጥሎ፣ ሰምጦና ተቀብሮ እንደገና ይነሳል። ሰው ይስቅባቸዋል፣ እኔ ግን እንደ ነጋዴ አከብራቸዋለሁ፤ ያንኑ ዕቃ ካርቶኑን ብቻ እየቀየሩ አሥር ጊዜ ሸጠዋል።

«ፈረንጆቹ ኦክቶበርን ሙሉ ይሄን ነው የሚያዩት፣ በቀን አንድ» አለኝ። እሱ ለወሬ ያህል የጣላትን እኔ እንደ ውል ያዝኳት። ቆጠርኩ፣ ሠላሳ አንድ ቀን። ከሱቅ አንድ ሆም ቲያትር አወረድኩ፣ ሁለት ስፒከር ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ትልቁ ቤዝ። ለሚስቴ «ልሞክረው ነው» አልኳት። ሚስቴ የእኔን ሙከራ ታውቀዋለች።

የጀመርነው መስከረም ሃያ አንድ፣ በግሸን ማርያም ዕለት ምሽት ነው። እንደ ቀኑ ሌላ ነገር መክፈት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ።

የመጀመሪያዋ ልጅ ገና ኡኡ ከማለቷ በራችን ተደበደበ። ከፍቼ ባይ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ በነጠላ ጫማ፣ ዱላ ይዞ። ከኋላው የግቢው ጥበቃ። ከደረጃው ሥር ደግሞ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን እያጣፉ ይወጣሉ።

«ማነው? ምንድነው?»

«ፊልም ነው» አልኩ።

ሰውዬው ዱላውን አየ፣ እኔን አየ። «አንተ ሰውዬ! ልቤን አወረድከው እኮ!»

ተሳሳቅን፤ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ግን መምጣታቸው ገርሞኝ አልነበረም። እኛ ሰፈር ኡኡታ ከተሰማ ሰው አይጠይቅም፣ ይወጣል። አባቴ አንድ ጠዋት ፂሙን እየተላጨ ሳለ ከጓሮ ኡኡታ ሰምቶ፣ ፊቱ ግማሹ አረፋ እንደሆነ ሲሮጥ አይቻለሁ። ሌባም ይሁን እሳት፣ ምጥም ይሁን ሞት፣ መጀመሪያ ይደረሳል፣ ከዚያ ይጣራል። ሰው ከፈረሰ ሰፈሩ ወደዚህ ፎቅ ሲጫን አልጋውንና ቁምሳጥኑን ብቻ አይደለም ይዞ የመጣው፣ ይሄንንም ነው።

በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ጥበቃው ብቻ መጣ። በአራተኛው ቀን እኔ፣ ሰው እንዳይንገላታ ብዬ፣ በብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ፦ «ውድ ጎረቤቶች፣ እስከ ጥቅምት 21 ከሦስተኛ ፎቅ ኡኡታ ብትሰሙ ፊልም ነው። እንዳትመጡ። የሞተውን ሰው ቁጥር ጠዋት እናሳውቃለን።» ሦስት የሚስቅ ፊት ጨመርኩበት። ሃያ ምናምን ሰው አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

ያንን መልእክት በኋላ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ።

በግድግዳ የምንገናኛቸው ጎረቤቴ ጡረተኛ ናቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው። ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ እሷ ኤርፖርት በፈረቃ ስለምትሠራ ቀኑን ብቻቸውን ናቸው። ስልክ ስለሌላቸው ቴሌግራሙን ልጃቸው ነች ያነበበችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሱቅ ልሄድ ስወጣ በራቸውን ገርበብ አድርገው ይጠብቁኛል።

«ትናንትስ ስንት ሞተ?»

«ስድስት፣ እማማ።»

«ነፍስ ይማር። ቀብሩ መቼ ነው?»

«ፈረንጅ እኮ እድር የለውም።»

«ታዲያ ማን ሊያስተዛዝናቸው ነው? እንግዲህ እኛው ነና!» ብለው ድንኳን እንደሚያስተክል ሰው ቆፍጠን ይላሉ።

ቁጥሩ ሲያንስ ይገስጹኛል። «ሁለት ብቻ? ሰውዬው አሞታል እንዴ?» አሥራ አንድ የሞቱ ዕለት ግን «ይሄስ ሙሉ ሰፈር ነው» አሉ። እውነቱን ለመናገር ለሳቸው ስል መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ሥጋ ቤት እንደሚመዘግብ ሰው በጣቴ እየያዝኩ።

አንድ ጠዋት፣ «ልጄ፣ ድምፁን ትንሽ ዝቅ ብታደርገው» አሉኝ። «ይሄ ግድግዳ ወረቀት ነው። ስታስነጥስ እኮ ይማርህ የምልህ እኔ ነኝ።» እሺ አልኩ። ሁለት ቀን ዝቅ አደረግሁ። በሦስተኛው ረሳሁት።

ሚስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፍና በቀዳዳው ታያለች። ተነስታ ግን አትሄድም። «አትውጪ! አንቺ ልጅ አትውጪ! ወይኔ፣ ወጣች» ትላለች። አንዴ፣ ልጅቷ ከቤት ቤት እየሮጠች ስትጮህ፣ «ይሄን ሁሉ ስትጮህ ጎረቤት የላትም እንዴ?» አለችኝ።

«ፈረንጅ አገር ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው» አልኳት። የምናገረውን እንደሚያውቅ ሰው።

ሃያ ስድስተኛው ፊልም እሁድ ላይ ዋለ። ሱቅ ዝግ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ከፈትነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ፊልሙ ጭር ያለ ቦታ ላይ ነበር፤ ልጅቷ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ቆማለች፣ ምንም አይሰማም። በዚያ መሀል ከኋላዬ፣ ከግራ በኩል፣ ኡኡታ መጣ። ከሩቅ እንደሚመጣ፣ ትንሽ የታፈነ፣ የትልቅ ሴት ድምፅ። ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ።

ወደ ሚስቴ ዞርኩና፣ «ሰማሽ? ይሄ ነው ኦሪጅናል!» አልኳት። «ከኋላ እንዴት እንደሚያመጣው አየሽ?»

እና ድምፁን ጨመርኩት።

እንግዲህ ይሄው ነው። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የጎረቤቴ ልጅ ከሥራ ገባች። አንድ ጊዜ ስትጮህ ሰማን፣ ሚስቴም «ደግሞ ሁለተኛዋ ልጅ» አለች። ወዲያው በራችን ተደበደበ። ሪሞቱን እንደያዝኩ ከፈትኩ። ልጃቸው ነች፣ የሥራ ልብሷን አላወለቀችም።

«እናቴ ወድቃ! ኡኡ ስል አትሰሙም?»

ኩሽናቸው ወለል ላይ ነበሩ። መጋረጃ ሊሰቅሉ በርጩማ ላይ ወጥተው ነው የወደቁት። አንድ እግራቸው ሊሆን በማይገባው አቅጣጫ ዞሯል። ጭንቅላታቸው ግድግዳው ሥር ነው፣ ያ የጋራችን ግድግዳ ሥር። ሰው የሰማቸው አልመሰላቸው ይሆናል ብዬ ለማጽናናት «መጣን፣ መጣን እማማ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፣ ከዚያ መልሰው ከደኑት።

ሊፍት የለንም። ከአራተኛ ፎቁ ሰውዬና ከሌሎች ጋር ሆነን በብርድ ልብስ ሦስት ፎቅ አወረድናቸው። በያንዳንዱ መዞሪያ ሲያቃስቱ እሰማለሁ፤ ከኋላ በግራ በኩል እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ሆስፒታል የዳሌ አጥንት ነው አሉን፣ ኦፕሬሽን ያስፈልጋል አሉን። ሐኪሙ «ስንት ሰዓት ነው የወደቁት?» ሲል ልጃቸው «አላውቅም» አለች። እኔ አውቅ ነበር። ግን ማወቄን ራሴም ገና አላወቅኩም።

ያወቅኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ሱቁን ከፍቼ መብራት ሳበራ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትንሽ ስፒከር ተቀምጧል። ዓርብ ዕለት አንድ ደንበኛ «የኔኛው አንዱ ይንኮሻኮሻል፣ በሌላ ሞክርልኝ» ብሎ፣ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ራሴ ከቤት ነቅዬ በላስቲክ ይዤው የመጣሁት ነው። የኋላው ግራ። እሁድ ዕለት እቤት በዚያ የጋራችን ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለው ባዶ ሽቦው ብቻ ነበር።

ሃያ ዓመት ድምፅ ስሸጥ ኖሬያለሁ። የትኛው ስፒከር ጠፍቶ የትኛው እንደሚሠራ በሩ ላይ ቆሜ እነግርሃለሁ። ያን ዕለት ግን የሌለ ስፒከር አሞገስኩ።

ግሩፑ ላይ ሰው ሁሉ ማዘኑን ጻፈ። «እኔም ሰምቼ ነበር፣ ፊልም መሰለኝ» አለ አንዱ። «እኔም» አለች አንዷ። «የማንም ጥፋት አይደለም» ተባለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ጥፋት ለሃያ ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ እኔም የድርሻዬን ወስጄ ከመሀላቸው ቆምኩ። ስለ ስፒከሩ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። ሆም ቲያትሩን በዚያው ሳምንት ለመጀመሪያው ለጠየቀኝ ሰው ባለው ሰጠሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እማማ ወደ ቤት ተመለሱ፣ ባለ አራት እግር መደገፊያ ይዘው። ሚስቴ ምሳ እያደረሰች ትጠይቃቸዋለች። እኔ ከሷ ጋር እየገባሁ፣ ቆሜ፣ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብዬ እወጣለሁ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ ግን ብርቱካን ይዤ ብቻዬን ገባሁ። ሱቅ ውስጥ ለመናገር የሚከብደኝን ዋጋ እንደምናገረው በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው ነበር ያሰብኩት።

«እማማ፣ አንድ ነገር አለ። የዚያን ዕለት ሲጮሁ ሰምቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«አይ፣ ሌሎቹ እንደሰሙት አይደለም። እኔ…»

«‹ሰማሽ?› አልካት ለሚስትህ።» ብርቱካኑን እያገላበጡ ነው የሚያወሩት። «‹ሰማሽ?› ስትል፣ ተመስገን፣ ሰምቶኛል፣ አሁን ይመጣል አልኩ። ጩኸቴን ተውኩት። ለምን ልድከም ብዬ።»

ብርቱካኑን ወደ ላስቲኩ መለሱት።

«ከዚያ ድምፁን ጨመርከው።»

«ስፒከር መስሎኝ ነው» አልኩ። ስናገረው ለራሴም አስጠላኝ። «ያኛው ስፒከር ደግሞ ቤት አልነበረም። ሱቅ ነበር። ማወቅ ነበረብኝ።»

«እሱን እኔ በምን ልወቅ» አሉ።

«ለምን ለልጅዎ አልነገሯትም?»

«ትጣላሃለች። አንተ ከተጣላህ ደግሞ ነገ ብወድቅ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ማን አለኝ?» ይሄን ሲሉ አልተቆጡም። የቤት ኪራይ እንደሚያሰላ ሰው ነበር ያሰሉት። ከዚያ አንዱን ብርቱካን ሰጡኝና፣ «ላጥልኝ፣ ጥፍር የለኝም» አሉ። ላጥኩላቸው።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ ከበሩ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ፣ እንደ ቄስ ሳይሆን፣ እንደ ሰላምታ።

መልእክቱን ከግሩፑ አጥፍቼ ሌላ ጻፍኩ፦ «ከሦስተኛ ፎቅ ኡኡታ ከሰማችሁ ኑ።» አውራ ጣቱን ያነሳ አራት ሰው ነው።

ሃርድ ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ አለ። ሃያ ስድስት ፊልም አይተናል፣ አምስት ይቀራል፤ ሃያ ስድስተኛው እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። እሳቸው አሁን በከዘራ ይሄዳሉ። ጠዋት ስወጣ በራቸው ገርበብ ብሎ አገኘዋለሁ፤ «እንደምን አደርክ» ይሉኛል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ» እላለሁ። ስንት እንደሞተ አይጠይቁኝም።