ሳያንኳኩ አይከፍቱም

ሰምሃር ቁልፏን ቤት ውስጥ ረስታ በሩ ተዘጋባት። ፒያሳ፣ አንድ ጫማ ቤት በረንዳ ላይ የሚቀመጡትን ቁልፍ ሠሪ ፈልጋ አፍንጮ በር ሰፈር ወዳለው ቤቷ ይዛቸው መጣች።

ሥራቸውን ለማያውቅ ጡረታ የወጡ መምህር ይመስላሉ። ክርኑ ላይ የተጣፈው ኮታቸው ተተኩሷል፤ ጫማቸው ያበራል። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «ጎረቤት ጥሪልኝ። ቤቱ ያንቺ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ካልቆመ አልነካም» አሏት።

ጎረቤቷ ወይዘሮ ጸሎት ወጥተው ቆሙ። ሰውዬው ከደረት ኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለሉ፣ ከጃንጥላ ሽቦ የተሞረዱ ቀጫጭን መክፈቻዎች አወጡ። ግን ገና ቁልፉን ሳይነኩ በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኩ፤ ጆሯቸውን አስጠግተውም ጠበቁ።

«ኧረ ጋሼ፣ ውስጥ ማንም የለም! ብቻዬን ነው የምኖረው» አለች ሰምሃር እየሳቀች።

«ይሁን» አሉና ደግመው አንኳኩ።

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ሽቦውን አስገቡ። ራዲዮ ላይ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው ጣቶቻቸውን በስሱ ሲያንቀሳቅሱ ቆዩ፤ ቁልፉ ቋ ብሎ ተከፈተ። በሩን ግን አልገፉትም። ጀርባቸውን ሰጥተው መሐረባቸውን ማጠፍ ያዙ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ያንኳኳሉ?» አለቻቸው።

«አንድ ቀን ሳላንኳኳ ከፍቼ ነበር።»

«የማንን ቤት?»

መሐረቡን ኪሳቸው ከተው የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ።

«የገዛ ቤቴን» አሉ። «ከክፍለ ሀገር፣ ሚስቴ ሳትጠብቀኝ ተመልሼ።»