ቶማሳ ለአበልጇ የሰጠችው አጥር

ቶማሳ ሰው ሲለምናት እምቢ ማለት አይሆንላትም። ከአታኮ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታችን ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚጠቀምበትም ሞልቷል። አባቷ እንደማናችንም አባት የመሬቱን ድንበር ኢሶቴ በሚባል ዛፍ አጥሮ ነው ያወረሳት። ኢሶቴ ዘር አያስፈልገውም፤ ግንዱን ቆርጠው መሬት ውስጥ ካቆሙት ሥር ይሰዳል። አበባው ሲንዠረገግ መራራውን መሃሉን ጥለን ነጩን ከእንቁላል ጋር እንጠብሰዋለን።

ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት አንድ ልጇ ኔፍታሊ ነው። ኔፍታሊም በቤቷና በአጥሩ መካከል ባለችው መሬት ቤት ሠርቶ፣ አግብቶ፣ አጠገቧ ሊኖር አስቦ ነበር።

ጎረቤቷ ሲሪያኮ አበልጇ ነው፤ ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳችለት እሷ ናት። አንድ ቀን መጣና፣

«አበልጄ፣ ዶሮዎቼ ጓሮሽን ጭረው ጨረሱት አይደል? ግንድ ስጪኝና እኔው ቤትሽ ጥግ ላይ ልጠርልሽ» አላት።

«ውሰድ እንጂ! ኢሶቴ ደግሞ ይለመናል?»

ከአሮጌው አጥር የሰው ቁመት የሚያህሉ ግንዶች ራሷ ቆርጣ ሰጠችው። እሱ ሲተክል እሷ የበቆሎ አጥሚት ታቀርብለት ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?» ብላት፣ «አበልጄ እኮ ነው» አለችኝ። አበልጅ ይንሳኝ!

ከሁለት ክረምት በኋላ ሲሪያኮ አሮጌው የድንበር ረድፍ ቡናዬ ላይ ጥላ አበዛ ብሎ ሊቆርጠው ጠየቃት። ኢሶቴ ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል ብላ አሁንም እሺ አለች። ኔፍታሊ መሠረት መቆፈር ሲጀምር ግን ሲሪያኮ «ድንበሬን ገፋ» ብሎ ዳኛ ይዞ መጣ።

ዳኛው ቤቷ ጥግ ያለውን አጥር አየ። ግንዱ ወፍራም፣ ሽበት ያወጣ፣ አበባ የያዘ ነው። ከአሮጌ ዛፍ የተቆረጠ ግንድ በተተከለ ማግስትም አሮጌ ነው።

«ይሄማ የጥንት ድንበር ነው» አለ።

ቶማሳ እጁን ይዛ ወደ ተቆረጠው ረድፍ ጎተተችው። «ይኸው! የአባቴ ድንበር አቆጥቁጧል!»

«እማማ፣ ኢሶቴ የጣሉት ቦታ ሁሉ ይበቅላል። እኔ ቤት ቆሻሻ መጣያው ላይ በቅሏል።»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። እኔ እውነቱን መሰከርኩ፤ ሌሎቹ ግን የሲሪያኮን ቡና ለቅመው የሚያድሩ ናቸውና መሬት መሬቱን አዩ። መሬቷ ለሲሪያኮ ተፈረደ።

«እማዬ፣ እንግዲህ የት ልሥራ? አናትሽ ላይ?» አላት ኔፍታሊ። እየሳቀ ነበር። በዚያው ሳምንት እንደ ብዙዎቹ ወጣቶቻችን ድንበር ተሻግሮ ወደ ሰሜን ተሰደደ፤ እስካሁን ድምፁ አልተሰማም።

ሰሞኑን ሲሪያኮ በዚያች መሬት ላይ ለሴት ልጁ ቤት መሠረት ጣለ። የክርስትና እናቷ የመሠረቱን ድንጋይ ትባርክ ብለው ወደ ቶማሳ ላኩባት።

«እንዳትሄጂ!» አልኳት።

«ልጅቷ ምን አጠፋች?» አለችኝና ሻሿን አስራ ሄደች።